ምዕራፍ ስድስት፦ ውኃው የነደደበት ሸለቆ

ውኃ እሳትን እንደሚያጠፋ የማያውቅ ልጅ የለም። እሑድ ጁን 5 ቀን 1892 ግን፣ በአሜሪካዋ የፔንሲልቬኒያ ግዛት ኦይል ክሪክ በሚባል ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች፣ እሳቱን ያመጣባቸው ራሱ ውኃው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከባድ ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል፤ ከላይ በኩል ያለ ግድብ ተደረመሰ፤ ደራሹ ታይተስቪል ከተማ ገባ። ወንዙን ተከትለው የተተከሉት ማጣሪያዎችና የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች ተገለባበጡ። በውስጣቸው የነበረው ቤንዚንና ናፍታ ከጎርፉ በላይ ተንሳፍፎ ተዘረጋ። ከዚያ እሳት አገኘው፤ ወንዙም ነደደ። ከጎርፍ ለማምለጥ ጣሪያ ላይ የወጣውን ሰው እሳቱ እዚያው አገኘው።

ከታይተስቪል በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ኦይል ክሪክ ከታላቁ የአሌጌኒ ወንዝ ጋር በሚቀላቀልበት አፍ ላይ፣ ኦይል ሲቲ የምትባለው ከተማ አለች። ያው ውኃ፣ ያንኑ ነዳጅ ተሸክሞ፣ እዚያም ደረሰ። እዚያም ነደደ። በሁለቱ ከተሞች በዚያ አንድ ቀን ከ100 በላይ ሰው ሞተ።

ታሪኩን ከሞት የጀመርኩት ለማስደንገጥ አይደለም። የሁለት ጎረቤት ከተሞችን ቅርስ ስለማክበር ስንነጋገር፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዷ የየራሷን ሐውልትና የየራሷን ጀግና ይዛ ትመጣለች። «የመጀመሪያው ጉድጓድ የእኛ ነው» ትላለች አንዷ፤ «ዓለም ነዳጁን የገዛው ከእኛ ገበያ ነው» ትላለች ሌላይቱ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሸለቆውን አንድ አካል ያደረገው ግን ወንዙ ነው፤ በላይኛዋ የፈሰሰው ሁሉ በታችኛዋ በር ያልፋል። ስለዚህ እኔም ታሪኩን የምተርከው ወንዙን ተከትዬ ነው።

የወንዙ ስም ትርጉሙ «የዘይት ወንዝ» ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ገና ማንም ጉድጓድ ሳይቆፍር ነው፤ ዘይቱ ከድንጋዩ ስንጥቅ እየመነጨ በውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም እየሠራ ይንሳፈፍ ነበርና። ነጮቹ ሳይመጡ በፊት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በወንዙ ዳር ጉድጓድ ምሰው፣ ግድግዳውን በእንጨት ደግፈው፣ የሚጠራቀመውን ዘይት እየቀዱ ይጠቀሙበት ነበር። ሴኔካ የሚባሉት ሕዝቦች ለቁስልና ለመገጣጠሚያ ሕመም ይቀቡታል፤ ነጋዴዎችም በኋላ «የሴኔካ ዘይት» እያሉ እንደ መድኃኒት ሸጡት። ኦይል ሲቲ ዛሬ የቆመችበት መሬት ራሱ፣ ከአሜሪካ ነፃነት በኋላ የፔንሲልቬኒያ መንግሥት ኮርንፕላንተር ለሚባለው የሴኔካ መሪ ከሰጣቸው ይዞታዎች አንዱ ነበር። መሬቱ ከእጁ የወጣው ማንም ሰው ከሥሩ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳያውቅ ነው። ስለዚህ «ነዳጅ በ1859 ተገኘ» የሚለውን አባባል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ነዳጁ አልጠፋም ነበር። በ1859 የተገኘው እሱን ከምድር ሆድ በብዛት የማውጫው ዘዴ ነው።

ለምን ተፈለገ? ለመኪና አይደለም፤ መኪና ገና አልተፈጠረም። የተፈለገው ለብርሃን ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ሩቅ አይሆንም። ከቆርቆሮ ጣሳ በተሠራ ኩራዝ ሥር ያጠና፣ ጠዋት አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ ያገኘ፣ ላምባ ግዛ ተብሎ ጠርሙስ ይዞ ወደ ሱቅ የሮጠ ሰው፣ የዚያ ሸለቆ ሰዎች ይፈልጉት የነበረውን ነገር ከነሽታው ያውቀዋል። ላምባ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ብርሃን የሚሰጠው የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር፤ ዋጋው ግን የሀብታም ነው። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ዘይትም ነበር። ርካሹ የመብራት ድብልቅ ደግሞ እየፈነዳ ሰው ያቃጥል ነበር። በ1855 የዬል ኮሌጅ የኬሚስትሪ ሊቅ ቤንጃሚን ሲሊማን ልጅየው (አባቱም በዚያው ስም የታወቁ ሊቅ ነበሩ) የኦይል ክሪክን ዘይት አጥንቶ፣ ሲጣራ ከግማሽ የማያንሰው ለመብራት እንደሚሆን በዘገባው አስታወቀ። ጆርጅ ቢሴል የሚባል ጠበቃና ሸሪኮቹ ያንን ዘገባ ይዘው ገንዘብ አሰባሰቡ። ከወንዝ ላይ እየቀፈፉ ዓለምን ማብራት እንደማይቻል ግን ግልጽ ነበር።

ኩባንያው ወደ ታይተስቪል የላከው ኤድዊን ድሬክን ነው። ድሬክ መሐንዲስ አልነበረም፤ የድንጋይ ሊቅም አልነበረም። በባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር፣ በሕመም ሥራውን የተወ። ከተመረጠበት ምክንያት አንዱ በባቡር በነፃ የመሄድ ፈቃድ ስላለው ነው። ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ የሆነው የባንክ ሰው ጄምስ ታውንሴንድ፣ ሰውዬው በማያውቁት አገር እንዲከበር ብሎ፣ ድሬክ ከመድረሱ በፊት «ለኮሎኔል ድሬክ» የሚል ደብዳቤ ወደ ታይተስቪል ይልክ ጀመር። ድሬክ ወታደር ሆኖ አያውቅም። «ኮሎኔል» የሚለው ግን እስከ መቃብሩ አብሮት ሄደ።

የሙያው ባለቤት ሌላ ሰው ነው። ዊልያም ስሚዝ ይባላል፤ ሰዉ «አጎት ቢሊ» ይለዋል። ቀጥቃጭ ነው፤ ጨው ለማውጣት የሚቆፈሩ ጉድጓዶችን መሣሪያ እየሠራ፣ እየቆፈረም የኖረ። የጨው ቆፋሪዎች ዘይት ሲያገኙ ይበሳጩ ነበር፣ ጨዋማውን ውኃ ያበላሽባቸዋልና። ስሚዝ ልጆቹን ይዞ፣ መሣሪያውን ጭኖ ታይተስቪል መጣ። ቁፋሮው ሲጀመር አሸዋና ውኃ እየተናደ ጉድጓዱን ሞላው። ድሬክ ያመጣው መላ ይህ ነው፦ የብረት ቧንቧ እስከ ቋጥኙ ድረስ፣ 10 ሜትር ያህል፣ ወደ ታች መምታት፤ ከዚያ በቧንቧው ውስጥ አሳልፎ መቆፈር። ዛሬም በየትኛውም የነዳጅ መስክ የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ቧንቧ ይገባል፤ መሠረቱ ይኸው ነው። ድሬክ የፈጠራ መብቱን አላስመዘገበም።

ኦገስት 27 ቀን 1859፣ ቅዳሜ፣ መሰርሰሪያው 21 ሜትር ላይ ሲደርስ ሥራው ለዕለቱ ቆመ። በማግስቱ እሑድ ስሚዝ ጉድጓዱን ሊያይ ሄደ። ወደ ቧንቧው ሲመለከት ዘይቱ ወደ ላይ መጥቶ ቆሟል። ኩባንያው ተስፋ ቆርጦ «ሒሳብህን ዘግተህ ተመለስ» የሚል ደብዳቤ ልኮ ነበር ይባላል፤ ደብዳቤው ከዘይቱ በኋላ ደረሰ።

ስሚዝ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የጉድጓዱን ማጠራቀሚያ በመብራት ሊያይ ገብቶ ጋዙ ተቀጣጠለ፤ ማማውም ቤቱም ጋየ። የመጀመሪያው ጉድጓድ የመጀመሪያው ቃጠሎም ሆነ ማለት ነው። እንደገና ተሠራ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤ የሚሄደው ወደ ስሚዝ ነው። በእኛም አገር ማረሻውንና ማጭዱን የሠራልንን እጅ «ቀጥቃጭ» ብለን ስናንኳስስ ኖረን፣ እህሉን ግን በደስታ በላን። ታይተስቪልም ሐውልቱን ያቆመችው ለድሬክ ነው። ሆኖም ሐውልቱን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደስ የሚል ነገር ያገኛል፤ እመለስበታለሁ።

ወሬው እንደተሰማ ሸለቆው በማማ ተሞላ። ደኑ ለማማ፣ ለበርሜልና ለቤት ተቆረጠ፤ ተራራው ራቁቱን ቀረ። ዘይቱ ሲበዛ ዋጋው ወደቀ። በ1861 መጨረሻ ላይ አንድ በርሜል ድፍድፍ በ10 ሳንቲም ተሸጠ፤ ባዶው በርሜል ከሚይዘው ዘይት ይልቅ ይወደድ ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከኦይል ሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጉድጓድ በኃይል ፈነዳና የፈሰሰው ዘይት ተቀጣጠለ። 19 ሰው ሞተ። የጉድጓዱ ባለቤት ሄንሪ ራውስ እሳቱ ውስጥ ተይዞ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት ኑዛዜውን ተናገረ፦ ከዘመዶቹና ከወዳጆቹ የተረፈው ሀብቱ ለዋረን አውራጃ ድሆችና መንገዶች እንዲውል። ራውስቪል የምትባለው መንደር ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። በስሙ የቆመው የበጎ አድራጎት ተቋም ዛሬም ይሠራል። ከዚያ ሁሉ ግርግር መሀል እንዲህ ያለ ሰው መውጣቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ወንዙ። ጉድጓዶቹ ላይና ታች ተበትነው ሳለ፣ ዘይቱ ወደ ዓለም የሚወጣበት በር አንድ ነበር፤ የወንዙ አፍ። በርሜሎቹ ተጭነው ወደ አሌጌኒ፣ ከዚያም ወደ ፒትስበርግ መውረድ አለባቸው። ችግሩ ኦይል ክሪክ በበጋ ጀልባ የማያንሳፍፍ ጥልቀት የሌለው ወንዝ መሆኑ ነው። የሸለቆው ሰዎች የፈጠሩት ዘዴ ይህ ነበር፦ በላይኛው ወንዝ ያሉትን የወፍጮና የእንጨት መሰንጠቂያ ግድቦች በተወሰነ ቀን፣ በክፍያ፣ በአንድ ጊዜ መክፈት። የተለቀቀው ውኃ ማዕበል ሆኖ ሲወርድ፣ በርሜል የጫኑ በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች ማዕበሉን ተሳፍረው ወደ ኦይል ሲቲ ይጋልባሉ። ከሸለቆው ጉድጓዶች የተነሣ ጀልባ ድልድይ ላይ ከተጋጨ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይከመሩበታል፤ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ወንዙ ይጠቁራል። ታይተስቪልና አካባቢዋ ውኃውን ካልለቀቁ ኦይል ሲቲ ወደብ አትሆንም፤ ኦይል ሲቲ ካልተቀበለች የላይኛው ዘይት የትም አይደርስም። ጎረቤትነታቸው እንዲህ ያለ ነበር።

ከወንዝ የራቀው ዘይት ደግሞ በጋሪ ይጫናል። የጋሪ ነጂዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መንገዱ የጭቃና የዘይት ቅልቅል ነው፤ በዚያ ጭቃ የሚዳክሩት ፈረሶች ፀጉራቸው ይረግፍ ነበር፤ ብዙዎቹም እዚያው ወድቀው ቀሩ። ለፈረሶቹ ሐውልት ያቆመ የለም። ነጂዎቹ ዋጋ ሲቆርጡ ተከራካሪ አልነበራቸውም፤ የአንዱ በርሜል ማጓጓዣ ከዘይቱ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜም ነበር። በ1865 ሳሙኤል ቫን ሲክል የሚባል ነጋዴ 2 ኢንች ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ዘርግቶ፣ በእንፋሎት ሞተር እየገፋ፣ ዘይቱን እስከ ባቡር ጣቢያ አደረሰ። ብዙ መቶ ጋሪ የሚሠራውን ሥራ አንድ ቧንቧ ሠራው። ነጂዎቹ በሌሊት እየመጡ ቧንቧውን ነቀሉት፤ ባለቤቱ የታጠቁ ጠባቂዎች ቀጠረ። ቧንቧው አሸነፈ። ዛሬ ከሳይቤሪያ እስከ ዓረብ በረሃ የተዘረጋው መስመር ሁሉ የዚያ የ2 ኢንች ቧንቧ ዘር ነው። የነጂዎቹ ቁጣ ግን ከንቱ ክፋት አልነበረም፤ እንጀራቸው በአንድ ሌሊት ነው የተነሣው።

በነገራችን ላይ በየቀኑ ዜና የምንሰማው «በርሜል» የተወለደው ከዚህ ጭቃ ነው። በርሜሎቹ መጠናቸው የተለያየ ስለነበር ሻጭና ገዢ ሲጣሉ ኖረው፣ በ1860ዎቹ 42 ጋሎን፣ ማለትም 159 ሊትር ገደማ፣ እንዲሆን ልማድ አደረጉት፤ በ1872 የአምራቾች ማኅበር አጸደቀው። ዛሬ ድፍድፍ በእንጨት በርሜል የሚጫንበት አገር የለም፤ ዋጋው ግን አሁንም በዚያው መስፈሪያ ይነገራል።

የቫን ሲክል ቧንቧ የተነሣበት ቦታ ፒትሆል ይባላል። በጃንዋሪ 1865 እዚያ ዘይት ሲፈነዳ ቦታው የገበሬ እርሻ ነበር። በሜይ መሬቱ በካሬ ተሸነሸነ፤ በሴፕቴምበር 15,000 ሰው ይኖርበት ነበር። ከ50 በላይ ሆቴሎች፣ ቲያትር ቤት፣ ጋዜጣ፣ በግዛቱ ከታላላቆቹ ተርታ የሚሰለፍ ፖስታ ቤት ነበራት። ከዚያ ጉድጓዶቹ ነጠፉ፤ ከእንጨት የተሠሩት ቤቶች በተደጋጋሚ ቃጠሎ ወደሙ፤ ሰዉ ሌላ ቦታ ዘይት ወጣ ሲባል ተነቅሎ ሄደ። በ1870 ቆጠራ 281 ሰው ቀርቷል። በ1878 የፒትሆል መሬት በ4 ዶላር ከ37 ሳንቲም ተሸጠ።

ከዚያች ከተማ ፍርስራሽ የወጣ አንድ ቤት ግን ታይተስቪል ውስጥ ቆሟል። ፍራንክሊን ታርቤል የሚባል የእንጨት የዘይት ጋን ሠሪ፣ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር የፈሰሰበትን አንድ የፒትሆል ሆቴል በ600 ዶላር ገዝቶ፣ በርና መስኮቱን፣ እንጨቱንና ጌጡን አፍርሶ አጓጓዘና በ1870 በታይተስቪል ቤት ሠራበት። በዚያ ቤት ያደገችው ልጁ አይዳ ታርቤል ናት።

አይዳ 14 ዓመቷ ሳለ፣ በ1872፣ ሸለቆው በአንድ ጊዜ ተነሣ። የባቡር ኩባንያዎችና ጥቂት ትልልቅ አጣሪዎች፣ ከእነሱም መካከል የክሊቭላንዱ ጆን ሮክፌለር፣ በምስጢር ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ እንዲህ ነው፦ የዘይት ማጓጓዣ ዋጋ ለሁሉም ይጨመራል፤ ለአባላቱ ግን ከፊሉ ይመለስላቸዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተለመደ አድልዎ ነው። የከፋው፣ ተፎካካሪ በጫነው በርሜል ላይ ከሚከፈለው ገንዘብም ለአባላቱ ይከፈላቸው ነበር። አንተ ዘይትህን ስትልክ ለጠላትህ ግብር ትከፍላለህ ማለት ነው። ወሬው አፈትልኮ አዲሱ ዋጋ ሲታወቅ፣ 3,000 ያህል ሰው በታይተስቪል ኦፔራ ቤት ተሰበሰበ፤ ስብሰባው ወደ ኦይል ሲቲ ቀጠለ። ሲፎካከሩ የኖሩት ሁለቱ ከተሞች ዘይታቸውን ላለመሸጥ ተማማሉ። በኤፕሪል ግዛቱ የድርጅቱን ፈቃድ ሰረዘ።

ያንን ውጊያ አሸነፉ፤ ጦርነቱን ግን ተሸነፉ። የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል በሚቀጥሉት ዓመታት ማጣሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ። ሆኖም ያቺ የ14 ዓመት ልጅ አልረሳችም። ጋዜጠኛ ሆነች፤ ከ1902 ጀምሮ የስታንዳርድ ኦይልን ታሪክ በማክሉር መጽሔት በተከታታይ አወጣች፤ በ1904 መጽሐፍ ሆነ። ጽሑፏ ስድብ አልነበረም። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የምስክር ቃልና የሒሳብ ሰነድ ነበር፣ በትዕግሥት የተደረደረ። በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው በ34 እንዲከፋፈል ወሰነ። ውሳኔውን እሷ ብቻ አመጣችው ማለት ግነት ነው፤ ያለ እሷ ጽሑፍ ሕዝቡ ያን ያህል ይነቃ ነበር ብዬ ግን አላምንም።

ድሬክስ? ያተረፈውን በአክሲዮን ግብይት አጥቶ፣ በሕመም ተሰቃይቶ ደኸየ። የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት በ1873 በዓመት 1,500 ዶላር ጡረታ ቆረጠለት፤ በ1880 ከታይተስቪል ርቃ በምትገኘው ቤተልሔም ከተማ ሞተ። ከ20 ዓመት በኋላ ከስታንዳርድ ኦይል ባለሀብቶች አንዱ የሆነው ሄንሪ ሮጀርስ ወጪውን ሸፍኖ በታይተስቪል መካነ መቃብር ትልቅ መታሰቢያ አቆመለት፤ አፅሙም ወደዚያ ፈለሰ። አሁን ቅድም ያቆየሁትን ልንገራችሁ። በመታሰቢያው መሀል ያለው የቻርልስ ኒሃውስ የነሐስ ሐውልት የድሬክን መልክ አይደለም የያዘው። ተንበርክኮ፣ መዶሻውን አንሥቶ፣ ድንጋይ ሊመታ የተዘጋጀ ስም የሌለው ቆፋሪ ነው። ቀራጺው ማንን አስቦ እንደሆነ ልቡን አላውቅም፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ግን የአጎት ቢሊን ክንድ ነው የማየው።

ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ቴክሳስና ኦክላሆማ ሄደ። ለሞተር ቅባት የሚሆነው የፔንሲልቬኒያ ዘይት ጥራቱ የታወቀ ስለነበር፣ ኩዌከር ስቴት የተባለው የሞተር ዘይት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን ለረጅም ዘመን በኦይል ሲቲ አድርጎ ከተማዋን ደግፎ አቆያት። በ1995 እሱም ወደ ቴክሳስ ሄደ። በራውስቪል የነበረው የፔንዞይል ማጣሪያም በ2002 ተዘጋ። በ1930 ከ22,000 በላይ የነበረው የኦይል ሲቲ ሕዝብ በ2020 ከ10,000 በታች ሆነ፤ ታይተስቪልም ወደ 5,000 ገደማ ወረደች። ቅርስን የማክበር ጥያቄ የመጣው እንግዲህ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ገንዘብ እያለ ሁሉም ወደ ፊት ይሮጣል።

የድሬክ ጉድጓድ ባለበት ቦታ ሙዚየም በ1930ዎቹ ተከፈተ፤ በ1945 ማማውና የሞተር ቤቱ በቀድሞ መልካቸው ተሠሩ። የፒትሆልን ባዶ መስክ የታይተስቪል ጋዜጣ አሳታሚ የነበረው ጄምስ ስቲቨንሰን ገዝቶ ኋላ ለግዛቱ ሰጠው። በወንዙ ዳር የተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ የጎብኚ ባቡር ይሄድበታል፤ ከሐዲዶቹ አንዱ ተነሥቶ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሆኗል። የአይዳ ታርቤል ቤት ታድሷል። ኦይል ሲቲ ባዶ የቀሩ ሕንፃዎቿን ለሠዓሊዎችና ለእጅ ሙያተኞች ከፍታ፣ ከሌላ ከተማ እየመጡ እንዲኖሩባት ጋብዛለች። በ2004 የአሜሪካ ምክር ቤት አካባቢውን በሙሉ ብሔራዊ የቅርስ ቀጣና ብሎ ሰየመው። ከሁሉም ትልቁ ርምጃ ይህ ይመስለኛል፤ የተሰየመው አንድ ከተማ፣ አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ ሰው አይደለም፤ ሸለቆው ነው። ታይተስቪልም ኦይል ሲቲም በመካከላቸው ያሉት መንደሮችም በአንድ ስም ገቡ።

ከተደረገው ሁሉ እኔን የበለጠ የሚነካኝ የፒትሆል አያያዝ ነው። ቤቶቹን መልሰው አልሠሩም። ያደረጉት፣ መንገዶቹ የነበሩበትን ሣር ማጨድ ብቻ ነው። ኮረብታው ላይ የቆመ ጎብኚ አረንጓዴ መንገዶች ሲሻገሩና ሲቀጥሉ ያያል፤ በመካከላቸው የቤት ምድር ቤት የነበሩ ጉድጓዶች በቁጥቋጦ ተሸፍነው ይታያሉ። ማጨዱ አንድ ዓመት ቢቋረጥ ከተማዋ እንደገና ትጠፋለች። ይህን ማድረግ ሐውልት ከማቆም ይከብዳል፤ ሐውልት አንዴ ይመረቃል፣ ሣር ግን በየክረምቱ ይበቅላል።

የቀረ ዕዳ ግን አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ይህን ምዕራፍ ባልጻፍኩት ይሻለኝ ነበር። በፔንሲልቬኒያ በዚያ ጥድፊያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተቆፍረው ባለቤት ያጡ፣ ያልተደፈኑ፣ ብዙዎቹም በየትኛውም ካርታ ያልሰፈሩ ጉድጓዶች በጫካውና በየሰው ጓሮ አሉ። አንዳንዶቹ ጋዝ ያስተነፍሳሉ፤ አንዳንዶቹ የከርሰ ምድር ውኃን ይበክላሉ። አንዱን ፈልጎ፣ አጽድቶ፣ በሲሚንቶ መድፈን ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ባለቤቱ ከመቶ ዓመት በፊት ሞቷልና ወጪውን የሚሸከመው ሕዝቡ ነው። እነዚህም ቅርስ ናቸው፤ ከሐውልቱ እኩል የተወረሱ። ጉድጓድ ፈልጎ የሚደፍን ሠራተኛ በእኔ ዓይን ከሙዚየም ጠባቂው ያላነሰ ለዚያ ሸለቆ ክብር ይሰጣል። በጎ ምልክትም አለ፤ ደኑ ተመልሶ ተራሮቹን አልብሷል፤ ያ ጠቁሮ የነደደ ወንዝ ዛሬ ሰዎች ዓሣ ሊያጠምዱ ከሩቅ የሚመጡበት ነው።

ከኦይል ሲቲ በስተሰሜን፣ ወደ ራውስቪል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማክሊንቶክ ቁጥር 1 የሚባል ጉድጓድ አለ። የተቆፈረው በ1861 ነው፣ ከድሬክ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ራውስ በተቃጠለበት ዓመት። በዓለም ላይ ሳያቋርጥ ሲያመርት ከኖሩት ጉድጓዶች የመጀመሪያው በመባል ይታወቃል። ባለቤቱ ዛሬ ታይተስቪል ያለው የድሬክ ጉድጓድ ሙዚየም ነው፤ የኦይል ሲቲን ደጅ ጉድጓድ የታይተስቪል ሰዎች ይጠብቁታል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ሞተሩን ያስነሡታል። ክንዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ከቧንቧው አፍ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዘይት ይንጠባጠባል። ሲበቃ ያጠፉታል፤ ጉድጓዱም ከታች በኩል ቀስ እያለ እስኪሞላ ይጠብቃሉ።